ብርጭቆው እስከ የት ይሂድ? የአልኮል ሽያጭ በቤተሰብ መዝናኛ ፓርኮች

የካርቱን ፊልም ሠሪው ዋልት ዲዝኒ መጠጥ የሚጸየፍ ሰው አልነበረም። በስቱዲዮው አድካሚ ቀን ካሳለፈ በኋላ ዘና ለማለት አንድ መለኪያ እንደሚያምረው እ.ኤ.አ. በ1956 በሰጠው ቃለ መጠይቅ ራሱ ተናግሯል። በዚያው ቃለ መጠይቅ ግን፣ ከአንድ ዓመት በፊት በካሊፎርኒያ አናሃይም ከተማ በከፈተው ዲዝኒላንድ ውስጥ ቢራም ሆነ ሌላ አልኮል እንደማይሸጥ ቁርጥ አድርጎ ገለጸ። መጠጥ ረብሸኛ ሰው ይስባል ብሎ ያምን ነበር። ፓርኩ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ሲውል እርሱን ራሱን መጠጥ እንደማያሰኘው፣ ለጎብኚውም እንደማያስፈልገው ጨመረ።

ዛሬ በዚያው ዲዝኒላንድ አንድ አባት ሕፃን ልጁን ይዞ ኮክቴል ወደሚቀዳበት ቤት መግባት ይችላል። ይህ ለውጥ በአንድ ቀን ውሳኔ የመጣ አይደለም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የፈጀ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ኢምንት የሚመስል ጉዞ ነው። የዚህን ጉዞ ዱካ መከተል የሚጠቅመው ለአሜሪካውያን ብቻ አይደለም። በየአገሩ የቤተሰብ መዝናኛ በተከፈተ ቁጥር፣ የእኛም አገር ጭምር፣ ያው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል፤ ልጆች ሊጫወቱ በሚመጡበት ቦታ ለወላጆቻቸው መጠጥ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ?

አቋሜን ከጅምሩ ልናገር። ቤተሰብ ጠረጴዛ ከብቦ ሲበላ እናት ወይም አባት አንድ ብርጭቆ ወይን ወይም ቢራ ቢጠጡ በልጆቹ ላይ የሚደርስ ጉዳት አይታየኝም። ብርጭቆው ከጠረጴዛው ተነሥቶ ልጆች ወደሚሰለፉበት፣ ወደሚሮጡበትና ወደሚዋኙበት ስፍራ ሲሄድ ግን ሽያጩ መቆም አለበት። ክርክሩ ሁልጊዜ "ይሸጥ" እና "አይሸጥ" በሚሉ ሁለት ጎራዎች ተከፍሎ ስለሚካሄድ፣ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው የአሻሻጡ መንገድ ሳይነሣ ይቀራል።

በየደረጃው የላላ ክልከላ

ዋልት ዲዝኒ በዲሴምበር 1966 አረፈ። በቀጣዩ ዓመት በዲዝኒላንድ ውስጥ "ክለብ 33" የተባለ፣ አባል ያልሆነ ሰው በቀላሉ የማይገባበት ምግብ ቤት ሥራ ጀመረ፤ እዚያም አልኮል ይቀርብ ነበር። ስፖንሰሮችንና የክብር እንግዶችን ማስተናገጃ እንዲሆን ሐሳቡን ያፈለቀው ዋልት ራሱ ነበር። ስለዚህ ክልከላው መሥራቹ በሕይወት ሳለም ቢሆን ለሁሉም እኩል የታሰበ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ተራው ቤተሰብ ግን አያየውም ነበር።

ፍሎሪዳ ውስጥ ኦርላንዶ አጠገብ በ1971 የተከፈተው የዲዝኒ ፓርክ፣ ማጂክ ኪንግደም፣ የአናሃይሙን ደንብ ወረሰ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ አጠገቡ የተከፈተው ኤፕኮት ግን የተለየ ነበር። የየአገሩን ምግብና ባህል የሚያሳይ ፓርክ ስለሆነ ቢራና ወይን ከመጀመሪያው ይሸጥበት ነበር። በ2001 አናሃይም ላይ ከዲዝኒላንድ ፊት ለፊት የተከፈተው ሁለተኛው ፓርክ፣ ካሊፎርኒያ አድቬንቸርም አልኮል ይሸጣል። በዚያው ዓመት የተከፈተው ቶኪዮ ዲዝኒሲም እንደዚሁ። ክርክሩ በዚህ ዘመን ቀላል ነበር፤ የልጆቹ ፓርክ አልተነካም፣ የሚጠጣ ጎረቤቱ ፓርክ ሄዶ ይጠጣል ይባል ነበር።

ከዚያ በኋላ የልጆቹም ፓርክ ተነካ። በ2012 መገባደጃ በማጂክ ኪንግደም የተከፈተ አንድ ምግብ ቤት በእራት ሰዓት ብቻ ወይንና ቢራ ማቅረብ ጀመረ። በ2016 ሌሎች አራት ምግብ ቤቶች ተከተሉት። በ2018 አስተናጋጅ በሚታዘዝባቸው የፓርኩ ምግብ ቤቶች ሁሉ ተፈቀደ። በ2019 በዲዝኒላንድ "ኦጋስ ካንቲና" ተከፈተ፤ ከክለቡ ውጭ ለማንኛውም አዋቂ ጎብኚ አልኮል የሚሸጥበት የመጀመሪያው ቤት ይህ ነው። በ1983 ያለ አልኮል ሥራ የጀመረው ቶኪዮ ዲዝኒላንድ በ2020 በምግብ ቤቶቹ መሸጥ ጀመረ። በ2023 የዲዝኒላንድ ተጨማሪ ምግብ ቤቶች ፈቃዱን አገኙ። በ2025 ደግሞ ማጂክ ኪንግደም ውስጥ የባሕር ወንበዴዎችን ታሪክ ጭብጡ ያደረገ መጠጥ ቤት ተከፈተ።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አንዱም እርምጃ ወደ ኋላ አልተመለሰም። ለእራት ብቻ የተባለው ለምሳም ሆነ፤ ለአንድ ቤት የተባለው ለሁሉም ሆነ፤ ከምግብ ጋር ብቻ የተባለው ቦታ በመጨረሻ መጠጥ ቤት ተከፈተበት። ይህን የምለው ኩባንያውን ከጅምሩ ተንኮል አስቦ ነበር ብዬ ለመክሰስ አይደለም። እያንዳንዱን ውሳኔ የወሰኑት ሰዎች ምናልባት እውነትም በዚያ ላይ ሊያቆሙ ያሰቡ ይሆናል። ሆኖም ገቢ የሚያስገኝ ነገር በአንድ ጥግ ሲሳካ፣ በሌላው ጥግ የማይሸጥበትን ምክንያት ማስረዳት ለቀጣዩ ሥራ አስኪያጅ በጣም ይከብደዋል። በየትኛውም አገር "ለጊዜው በአንድ ቤት ብቻ" ሲባል የምሰማውን ቃል በጥንቃቄ የምቀበለው ለዚህ ነው።

የልጆች መጫወቻ ሁሉ በተፈጥሮው ከመጠጥ የራቀ ነው የሚል ሰው ካለ ደግሞ ታሪክ አይደግፈውም። ኮፐንሃገን የሚገኘው ቲቮሊ በ1843 የተከፈተ፣ በዓለም ላይ ካሉት ጥንታዊ የመዝናኛ ፓርኮች አንዱ ነው። ዋልት ዲዝኒ በ1951 ጎብኝቶት በንጽሕናውና በመብራቱ እጅግ ተደንቋል። በቲቮሊ ግን ቢራና ወይን የሚያቀርቡ ምግብ ቤቶች የአትክልቱ አካል ናቸው። አሜሪካ ውስጥም ቢሆን በፍሎሪዳ ታምፓ የሚገኘው ቡሽ ጋርደንስ በ1959 የተጀመረው በቢራ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ እንደ እንግዳ መቀበያ ሆኖ ነው። ጎብኚው ወፎቹንና አትክልቱን ካየ በኋላ ቢራ በነጻ ይቀምስ ነበር። ሮለር ኮስተሮቹ ከመጡ በኋላም ነጻው ቢራ ለአሥርት ዓመታት ቀጥሎ፣ የፋብሪካው ባለቤት ኩባንያ በ2008 ለቤልጂየሙ የቢራ ኩባንያ ኢንቤቭ ከተሸጠ በኋላ በ2009 መጀመሪያ ቆመ። ያለ አልኮል የሚሠራ የቤተሰብ ፓርክ የአንድ ሰው ምርጫ ነበር። ጥሩ ምርጫ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ምርጫ ስለሆነ በየጊዜው በምክንያት መደገፍ አለበት።

ፓሪስ ያስተማረችው

በዚህ ክርክር ውስጥ ሁልጊዜ የሚነሣ አንድ ምሳሌ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚነገረው ተጣሞ ነው።

ዩሮ ዲዝኒ ከፓሪስ በስተምሥራቅ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በማርን ላ ቫሌ በአፕሪል 12 ቀን 1992 ሲከፈት የአናሃይምን ደንብ እንዳለ ይዞ ሄደ፤ በፓርኩ ውስጥ ወይን የለም። ምሳውን ያለ አንድ ብርጭቆ ወይን መብላት ለማያውቅ ሕዝብ ይህ ንቀት መስሎ ታየው። ፓርኩ ቀድሞውንም በፈረንሳይ ምሁራን ዘንድ አልተወደደም ነበር፤ የቲያትር አዘጋጇ አሪያን ምኑሽኪን "የባህል ቼርኖቢል" ያለችው አባባል እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ወይን መከልከሉ በዚህ ቁጣ ላይ ተጨመረ።

በመጀመሪያው ሙሉ የበጀት ዓመት ኩባንያው 5.3 ቢሊዮን ፍራንክ ከሰረ። በ1993 የፓርኩን አመራር ፈረንሳዊው ፊሊፕ ቡርጊኞን ያዘ፤ በዚያው ዓመት ወይንና ቢራ በፓርኩ ምግብ ቤቶች ተፈቀደ። ከዚያ በ1995 ኩባንያው ለመጀመሪያ ጊዜ አተረፈ። አልኮል እንዲሸጥ የሚፈልጉ ሰዎች እነዚህን ሦስት እውነቶች ተራ በተራ ደርድረው "አያችሁ፣ ወይን አዳነው" ይላሉ።

ነገሩ እንዲያ አይደለም። ዩሮ ዲዝኒን ያንገዳገደው ከአቅም በላይ የሆነ ብድር፣ የዚያን ጊዜው ከፍተኛ ወለድ፣ አውሮፓን የመታው የኢኮኖሚ መቀዝቀዝና ከሚያስፈልገው በላይ የተሠሩ የሆቴል ክፍሎች ናቸው። ጎብኚው ጠዋት መጥቶ ማታ ወደ ፓሪስ ይመለሳል፤ አያድርም። ምግቡን ከቤቱ ቋጥሮ የሚመጣም ብዙ ነበር። ያዳነውም በ1994 ከአበዳሪዎች ጋር የተደረሰው የዕዳ ማሻሻያ ስምምነት፣ የሳዑዲው ልዑል አልዋሊድ ቢን ታላል ያስገቡት ካፒታል፣ በ1995 የመግቢያ ዋጋው በ20 በመቶ ገደማ መቀነሱና በዚያው ዓመት የተከፈተው ስፔስ ማውንቴን የተሰኘው ሮለር ኮስተር ነው። ወይኑ በዚህ ሁሉ መካከል ለሕዝቡ የተላከ የአክብሮት ምልክት ሆኖ አገልግሏል፤ የሒሳብ መዝገቡን የቀየረው ግን ሌላ ነገር ነው።

በአንጻሩ የአልኮል ተቃዋሚዎችም ከፓሪስ መማር ያለባቸው አለ። ወይን ከተፈቀደ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው፤ ፓርኩ የሰካራሞች መናኸሪያ አልሆነም። ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ነው። ፈረንሳዊው ቤተሰብ ወይኑን የሚጠጣው ተቀምጦ፣ ከምግቡ ጋር፣ ልጆቹ አጠገቡ እየበሉ ነው። ሲጨርስ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ይቀራል፣ እርሱ ወደ ልጆቹ ጨዋታ ይሄዳል። መጠጡ መጀመሪያና መጨረሻ አለው።

ኤፕኮት ግን ሌላ መልክ አለው። በአንድ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዙሪያ የአሥራ አንድ አገሮች ድንኳን የሚመስሉ ሰፈሮች ተደርድረዋል፤ ሜክሲኮ፣ ኖርዌይ፣ ቻይና፣ ጀርመን እያለ እስከ ካናዳ ይዘልቃል። በእያንዳንዱ አገር የዚያ አገር መጠጥ በመንገድ ዳር ይሸጣል፤ ገዢው በፕላስቲክ ብርጭቆ ይዞ ይሄዳል። ከዚህም የተነሣ "ዓለምን እየጠጡ መዞር" የሚባል ልማድ ተፈጠረ። ጓደኛሞች አንድ ዓይነት ቲሸርት አሠርተው፣ በየአገሩ አንድ አንድ እየጠጡ ዙሩን ለመጨረስ ይወራረዳሉ። አሥራ አንድ አገር፣ አሥራ አንድ ብርጭቆ፣ በፍሎሪዳ ፀሐይ። በየዓመቱ የሚካሄደው የምግብና የወይን ፌስቲቫል ሲመጣ ደግሞ የመሸጫው ብዛት ይጨምራል። የሕፃን ጋሪ የምትገፋው እናትና ስድስተኛ ብርጭቆውን የያዘው ጎረምሳ የሚተላለፉት በአንዱና በዚያው መንገድ ላይ ነው።

ማጂክ ኪንግደም እና ኤፕኮት የአንድ ኩባንያ ናቸው፤ በአንድ ግዛት፣ በአንድ የዕድሜ ገደብ ሕግ ሥር፣ በአንድ ዓይነት ጥበቃ ይሠራሉ። በሁለቱም አልኮል ይሸጣል። የሚለያቸው አንዱ ገዢው እንዲቀመጥ ሲያስገድድ ሌላው ይዞ እንዲሄድ መፍቀዱ ነው። ኦጋስ ካንቲናም የራሱ ደንብ አለው፤ እዚያ የታዘዘ መጠጥ ከቤቱ ደጃፍ አይወጣም። ኩባንያው ራሱ ለልጆች ቅርብ በሆነ ፓርክ ውስጥ ብርጭቆው የት ላይ መቆም እንዳለበት በሚገባ ያውቃል ማለት ነው። ያንኑ እውቀት በኤፕኮት አለመጠቀሙን ነው የምቃወመው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል

በ1955 አንድ አዋቂ ወደ ዲዝኒላንድ በ1 ዶላር ይገባ ነበር፤ ለመጫወቻዎቹ ለየብቻ ይከፍላል። በ2024 መገባደጃ እጅግ በሚጨናነቁ ቀናት የአንድ ቀን መግቢያ 206 ዶላር ደረሰ። ይህን የሚከፍል ቤተሰብ ከገባ በኋላ ኪሱ ውስጥ የሚቀረው ውስን ነው። የፓርኩ ሁለተኛ ገቢ ደግሞ ከበር በኋላ ያለው ወጪ ነው፤ ምግብ፣ መጠጥ፣ አሻንጉሊት፣ ፎቶግራፍ።

አንድ ልጅ በቀን አንድ ምሳ ይበላል፤ ሁለት አይስክሬም ቢጠይቅ ሦስተኛውን ወላጆቹ ይከለክሉታል። የምግብ ሽያጭ በሆድ መጠን ይገደባል። ከ15 ዶላር በላይ የሚሸጥ ኮክቴል ግን እንዲህ ያለ ገደብ የለውም፤ የጠጣ ሰው ይደግማል፣ የደገመም ዋጋውን ማየት ይተዋል። በተጨማሪም ልጅ የሌላቸው አዋቂዎች ከዋናዎቹ ደንበኞች መካከል ሆነዋል። ዓመታዊ መግቢያ ገዝተው ማታ ማታ የሚመጡ፣ ከሥራ በኋላ እንደ ሰፈራቸው መናፈሻ የሚገለገሉበት አሉ። ለእነዚህ ሰዎች ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ገንዘባቸውን ከፍለው ገብተዋል፣ ዕድሜያቸው ደርሷል፣ ለምን አይጠጡም?

መልሴ፣ ለእነርሱ ቦታ ይኑራቸው ነው። መጠጥ ቤት በዓለም ላይ አልጠፋም። ልጆች ማዕከል ሆነው የተሠሩበት ስፍራ ግን በጣም ጥቂት ነው። ከተማው ሁሉ፣ መንገዱ፣ ሆቴሉ፣ ስታዲየሙ ለአዋቂ ተብሎ ተሠርቶ ልጅ እንደ ተቀጽላ የሚገባበት ሆኖ ሳለ፣ ለልጅ ተብሎ በተሠራው አንድ ግቢ የአዋቂን ምቾት ማስቀደም ሚዛኑን ያዛባል። ለገቢ ሲባል ይህ ግቢ ቀስ በቀስ የአዋቂዎች ሲሆን ማየት ያሳዝነኛል።

የሚጠብቅ ዓይን

አልኮልን በተመለከተ የሚነሣው ፍርሃት ብዙ ጊዜ ስለ ጠብ ነው። ሰክሮ የሚሳደብ፣ የሚደባደብ ሰው በዓይነ ኅሊና ይመጣል። ዋልት ዲዝኒም የፈራው ይህንኑ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን የፓርክ ጠብ ሁሉ የመጠጥ ልጅ አይደለም። በጁላይ 2022 እዚያው ካሊፎርኒያ የሚገኘው ኖትስ ቤሪ ፋርም በታዳጊዎች ጠብ ምክንያት ከሰዓቱ በፊት ለመዝጋት ተገደደ፤ መፍትሔ ያደረገውም 17 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ቢያንስ 21 ዓመት የሞላው አጃቢ እንዲኖራቸው መጠየቅን ነው። ልብ እንበል፤ ፓርኩ ጸጥታውን እንዲያስጠብቁለት የጠራው አዋቂ አጃቢዎችን ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። በመዝናኛ ፓርክ ውስጥ ከልጁ ጋር ያለው አዋቂ የደኅንነቱ ሥርዓት አንድ ክፍል ነው። በአሜሪካ ባሉት የዲዝኒ ፓርኮች ከሰባት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቢያንስ 14 ዓመት የሞላው ሰው ሳይኖር ወደ መጫወቻዎቹ አይወጣም። ሠራተኛው ቀበቶውን ፈትሾ ይሄዳል፤ መጫወቻው ከተነሣ በኋላ እጁን ወደ ውጭ የሚዘረጋውን ልጅ የሚመልሰው አጠገቡ የተቀመጠው ወላጅ ነው። በሺዎች መካከል የጠፋ ልጅ መጥፋቱን ቀድሞ የሚያውቀውም ወላጁ ነው። አደጋ እንዲመጣ ይህ ሰው ሰክሮ መንገዳገድ አያስፈልገውም፤ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ልቡ ትንሽ ዘና ማለቷ በቂ ነው። አልኮል ስካር ከመታየቱ አስቀድሞ ትኩረትንና የምላሽ ፍጥነትን ይቀንሳል።

በውሃ መጫወቻ ስፍራ ደግሞ ለድርድር ቦታ አይታየኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት በ2021 በዓለም ላይ 300 ሺህ ያህል ሰዎች ሰምጠው ሞተዋል፤ ሩብ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ናቸው። አብዛኛው ሞት የሚደርሰው በወንዝ፣ በኩሬና በጉድጓድ ነው እንጂ በመዝናኛ ገንዳ አይደለም። ነገር ግን የመስጠሙ ሁኔታ ያው ነው። ሕፃን ሲሰጥም አይጮኽም፤ በዝምታ ነው የሚሰጥመው፤ ጊዜውም በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ከገንዳ ዳር ያለ ነፍስ አድን ሠራተኛ በመቶ የሚቆጠር ሰው ይጠብቃል፤ አንዱን ሕፃን ለይቶ የሚያየው ወላጁ ብቻ ነው። ከገንዳው አጠገብ የቢራ መሸጫ ማቆም ይህን አንድ ዓይን ማደብዘዝ ነው።

ሌላም አለ፤ በሕፃኑ ልብ ውስጥ ያለው። የብሪታንያ የአልኮል ጥናት ተቋም በ2017 ባወጣው ጥናት፣ ወላጆቻቸው ሱሰኛ ያልሆኑ ልጆች እንኳ ወላጆቻቸው ሞቅ ብሏቸው ሲያዩ እንደሚያፍሩና እንደሚጨነቁ ታይቷል። ልጅ የአባቱ ድምፅ ከወትሮው ከፍ ማለቱን፣ የእናቱ ሳቅ መለወጡን ወዲያው ያውቃል። ቤት ውስጥ ቢሆን ወደ መኝታው ይሄዳል፤ ከቤቱ በመቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በማያውቀው ሕዝብ መካከል ግን መሄጃ የለውም።

አሻሻጩን በሥልጠና መግራት ይቻላል የሚል መልስ አለ። ካሊፎርኒያ ከ2022 ጀምሮ አልኮል የሚቀዱ አስተናጋጆች ሁሉ በኃላፊነት ስለመሸጥ ሠልጥነው የምስክር ወረቀት እንዲይዙ በሕግ አስገድዳለች። መልካም ሕግ ነው፤ በምግብ ቤት ውስጥ ይሠራል፤ አስተናጋጁ ደንበኛውን ከመጀመሪያው ብርጭቆ እስከ መጨረሻው ያየዋልና። በየመንገዱ መሸጫ በሚቆምበት ፓርክ ግን አምስተኛውን ብርጭቆ የሚሸጠው ሠራተኛ የቀደሙትን አራቱን አላያቸውም።

እኛስ?

ሎስ አንጀለስና አካባቢዋ ያሉ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ወደ አናሃይም ይወስዳሉና ይህ ጉዳይ ለእነርሱ የሩቅ ወሬ አይደለም። እዚህ አገር ቤትም ጉዳዩ እየቀረበ ነው። አንድነት ፓርክ በእኛ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በአዲስ አበባ ብዙ ሕዝብ የሚያስተናግዱ መናፈሻዎች ተራ በተራ ተሠርተዋል፤ በቢሾፍቱ ሐይቆች ዙሪያም ቤተሰብ ከነልጆቹ የሚውልባቸው መዝናኛዎችና የውሃ መጫወቻዎች አሉ።

በእኛ ዘንድ መጠጥና ልጅ በአንድ ግቢ መገኘታቸው አዲስ አይደለም፤ ይህን ክዶ መከራከር አልፈልግም። በሠርግ፣ በክርስትና፣ በማኅበር ቤት ጠላውም ጠጁም ይቀዳል፤ ልጆችም በጠጪዎቹ እግር ሥር ይሯሯጣሉ፤ ቅራሪ የሚቀመስላቸውም አሉ። ስለዚህ "ባህላችን ልጅንና መጠጥን አይቀላቅልም" የሚል ክርክር በየቤታችን ያለውን አያይም። ነገር ግን ድግሱ የራሱ ጥበቃ አለው። አሳላፊው ማን ስንት እንደጠጣ ያያል፤ ለበዛበት ሰው ዋንጫውን ይዞ ያልፈዋል። ልጁ የማንም ቢሆን ጎረቤቱ ሁሉ በስሙ ይጠራዋል፤ እሳት አጠገብ ከደረሰ ያገኘችው ሴት ጎትታ ትመልሰዋለች። አጎቱ ቢሰክር ዘመድ ደግፎ ቤቱ ያደርሰዋል። በመዝናኛ ፓርክ ውስጥ አሳላፊው የማያውቅህ ተቀጣሪ ነው፤ ጎረቤትህ ልጅህን አያውቅም፤ ማታም መሪውን ራስህ ትይዛለህ።

ይህ የመጨረሻው በተለይ ያስፈራኛል። ከቢሾፍቱ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው መኪና በእሑድ ምሽት በፈጣን መንገዱ ላይ ከኋላ ወንበር የተኙ ልጆችን ይዞ ነው የሚመጣው። በኦርላንዶ ቢያንስ ብዙው ጎብኚ በአቅራቢያው ሆቴል ያድራል፣ የፓርኩ አውቶቡስም ይወስደዋል። የእኛ ጎብኚ በአብዛኛው ውሎ የሚመለስ ነው።

ሕጋችን ከብዙ አገሮች ጠንከር ያለ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ የአልኮል ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወግዷል። አዋጁ የወጣ ሰሞን ልጆች ከዜና በፊት የቢራ ዘፈን መዘመር ማቆማቸውን እንደ ትልቅ ድል ቆጥሬው ነበር፤ አሁንም እቆጥረዋለሁ። ከቴሌቪዥን የወጣው የቢራ አርማ ግን በልጆች መጫወቻ ጥላ ላይና በገንዳ ዳር ጃንጥላ ላይ ተስሎ ቢመለስ፣ ልጁ በየሳምንቱ መጨረሻ የሚያየው ያንኑ ነው።

በመናፈሻዎችና በውሃ መጫወቻዎች ውስጥ ለምግብ ቤትና ለካፌ ቦታ የሚያከራዩ አካላት የሚፈርሙት ውል እጃቸው ላይ ነው። በውሉ ውስጥ ሦስት ነገር ቢጻፍ ይበቃል። አልኮል የሚቀርብ ከሆነ በጠረጴዛ፣ ከምግብ ጋር፣ በአስተናጋጅ ብቻ ይቅረብ፤ ከምግብ ቤቱ በር የሚወጣ ብርጭቆም ጠርሙስም አይኑር። የመዋኛ ገንዳና የውሃ መንሸራተቻ ባለበት ግቢ ጨርሶ አይሸጥ። የቢራ ኩባንያ አርማ ያለበት ጃንጥላ፣ ወንበርና ጥላ ወደ ልጆች መጫወቻ አይግባ። ይህ መጻፍ ያለበት የመሸጫው ባንኮኒ ሳይሠራ፣ ተከራዩም ገቢውን አስልቶ ብድር ሳይወስድበት ነው፤ አንዴ ከተከፈተ በኋላ የሚዘጋ ሰው እንደማይገኝ የአናሃይምና የኦርላንዶ ታሪክ ያሳያል።